ለነፋስ የምታቀብል አማካይ

ባለፈው ዓመት ለአክስቴ ልጅ ሰርግ መካነ ኢየሱስ ሄጄ ነበር። ከመናኸሪያው ወርጄ ወደ ሰርጉ ቤት ሳቋርጥ የኮሌጁ ሜዳ አጥር ባንድ በኩል ተገንድሶ አገኘሁትና በዚያ ገባሁ። አንድ ሰውዬ ኖራ በጣሳ ይዞ የሜዳውን መስመር ያሰምራል። ኖራው ገና እርጥብ ነበር። ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ ባለሁበት ቆምኩ፤ ፊቴ ጋለ። ሌላው ሰው የልጅነቱ ሽታ ሲመጣበት ሆዱ ይባባል፣ ዓይኑ እንባ ያቀርራል ሲሉ እሰማለሁ። እኔ ተናደድኩ። ያ ሁሉ ዘመን አልፎኝ፣ የሰርግ ልብስ ለብሼ፣ ሜዳው ዳር ቆሜ ጥርሴን ነከስኩ።

ነገሩ በሆነበት ዓመት አምስተኛ ክፍል ነበርኩ። ታላቅ እህቴ ስመኝ ደግሞ ኮሌጁ ውስጥ ቅየሳ ትማር ነበር። ቤታችን ከከተማው ርቆ ገጠር ስለሆነ ሁለታችን የመሪጌታ ፈንታ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። መሪጌታ የቤተ ክርስቲያን ዜማ መምህር ናቸው፤ ሕፃን አዋቂው የኔታ ይላቸዋል። ግቢያቸው ማታ ማታ በተማሪዎቻቸው ዜማ ይሞላል፤ እኔ የቤት ሥራዬን የምሠራው በዚያ ዜማ መሀል ነበር። አባታችን የገበያ ቀን ስንቃችንን በአህያ ጭኖ ያመጣልናል፤ ስመኝን ባየ ቁጥር «መሬት ለክተሽ ጨረስሽ?» ይላታል። ቅየሳ ማለት ለእሱ የጎረቤትን ድንበር ልክ ማስያዝ ነበር።

የኮሌጁ የሴቶች እግር ኳስ ቡድን የተቋቋመው በመስከረም ነው። ስመኝ ደብተሯን እንኳ ሳታስቀምጥ በሩን ገፋ አድርጋ ገባችና፣

«ትርንጎ፣ አማካይ ሆንኩ!» አለችኝ።

በዚያው ሳምንት የሒሳብ መምህራችን ስለ አማካይ አስተምሮን ነበር። ትልቁንም ትንሹንም ትደምራለህ፣ ለብዛቱ ታካፍላለህ። የሚወጣው ጎበዝም ሰነፍም ያልሆነው ነው። እህቴ ደግሞ በመንደራችን ጨፌ ላይ ወንዶቹን ሁሉ እያዞረች የምታልፍ ልጅ ናት።

«ማን ነው አማካይ ያለሽ?» ብዬ ተነሣሁ። «መካከለኛ ነሽ ማለቱ ነው? ጎበዝ አይደለሽም ማለቱ ነው?»

ስመኝ ሳቋ ሲበርድላት አልጋው ላይ አስቀመጠችኝና አስረዳችኝ። አማካይ ማለት መሀል ሜዳ የምትጫወት ናት፤ ከተከላካዮች ኳስ ተቀብላ ለአጥቂዎች ታቀብላለች።

«እሺ፣ ጎሉን ማን ያገባል?»

«አጥቂዋ።»

«አንቺስ?»

«እኔማ አቀብላታለሁ።»

«ታዲያ የሚጨበጨበው ለማን ነው?»

«ኳሱ ከገባ ለሁላችንም ነው» አለችኝ። እኔ ግን አላመንኳትም። አለማመኔ ልክ እንደነበር ብዙ ሳይቆይ ታየ።

የመጀመሪያው ጨዋታ ከአርብ ገበያ ከመጡት ጋር እዚያው በኮሌጁ ሜዳ ሆነ። ኖራው ትኩስ ነበር፤ ከፊት ሆኜ ለማየት ብዬ መስመሩ ላይ ቁጭ ስላልኩ ቀሚሴ ነጭ ሆነ። ስመኝ ኳስ ከመቀበሏ በፊት አንድ ጊዜ አንገቷን ዞር ታደርጋለች። ከዚያ ኳሱ እግሯ ላይ ብዙ አይቆይም፤ ከተከላካዮቹ ጀርባ ወዳለው ባዶ ሜዳ ትልከዋለች። ችግሩ እዚያ ማንም አልነበረም። አጥቂያችን ዘነበች ረጅም፣ ፈጣን ልጅ ናት፤ ከስማዳ ቆላ በኩል የመጣች። ግን ኳሱ እግሯ ሥር እስኪመጣላት ቆማ ትጠብቃለች። ኳሱ አጠገቧ አልፎ እየተንከባለለ ከሜዳ ይወጣል። ስመኝ እጇን እየዘረጋች «ሩጪ!» ትላለች፤ ነፋሱ ድምጿን ይወስደዋል።

ከኋላዬ የቆመ አንድ ሰውዬ፣

«ይቺ ልጅ የምታቀብለው ለነፋስ ነው እንዴ!» ብሎ ጮኸ።

ሜዳው በሳቅ ፈነዳ። ከዚያ በኋላ ስመኝ ኳስ በነካች ቁጥር ልጆቹ «ለነፋስ! ለነፋስ!» ይላሉ። ዞሬ ሰውዬውን አየሁት፤ የገብስ እሸት እየፈለፈለ ይበላል። ጨዋታውን የሚያየው እንኳ በግማሽ ዓይኑ ነው። ይህ ሰው እሸቱን እያላመጠ ባንድ ቃል እህቴን ለከተማው ሁሉ መሳቂያ አደረጋት። ተሸነፍን።

ሰኞ ዕለት ስመኝ «ዛሬ ግምገማ አለብን» ብላ ስትወጣ ደነገጥኩ። ግምገማ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። የቀበሌያችንን ሊቀ መንበር ግምገማ ብለው ጠርተውት ሲመለስ ሊቀ መንበር አልነበረም፤ ክረምቱን ሙሉ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጦ አየሁት። ስለዚህ እህቴን ከኮሌጁ ሊያባርሯት ነው ብዬ ከትምህርት ቤት ጠፍቼ የመማሪያ ክፍላቸው መስኮት ላይ ተንጠለጠልኩ።

አሰልጣኙ ጌትነት የሚባል ወጣት የስፖርት መምህር ነው። ሰሌዳው ላይ ክቦችና ቀስቶች ሥሏል።

«ማጥቃታችን ለምን አልሠራም?» ይላል። «ለአጥቂ ኳስ ስላልደረሰ። ለምን አልደረሰም? ቅብብሉ ስለተበላሸ። ቅብብሉን ያበላሸው ማን ነው?»

ሁሉም ወደ ስመኝ ዞሩ።

«ጋሼ» አለች ስመኝ፣ «ኳሱን ቀድሜ የምሰደው ዘነበች ትሮጣለች ብዬ ነው። እግሯ ሥር ብሰጣት ተከላካይዋ ከኋላዋ ቆማለች፤ ትነጥቃታለች። ከፊቷ ብሰጣት ግን የሚቀድማት የለም።»

«ሰበብ ነው።»

«ሰበብ አይደለም፣ እርስዎም የሣሉት ቀስት ወደዚያው ነው የሚሄደው።»

«ስመኝ! ሂስ መቀበል ተማሪ!»

ዘነበች መሬት መሬቱን ታያለች። አሰልጣኙ ጠመኔውን አስቀመጠና ከአሁን በኋላ አማካይዋ ሊዲያ ናት፣ ስመኝ ተጠባባቂ ናት አለ።

ሊዲያ የእህል ነጋዴ ልጅ ናት። ታኬታ ጫማ ያላት እሷ ብቻ ነበረች። ኳስ ስትገፋ ታምራለች፤ ሁለቱን ታልፋለች፣ ሦስተኛዋ ጋ ግን ትቀማለች፤ ቀና ብላ ሌላ ሰው አታይም። የአባቷ አይሱዙ ደግሞ ቡድኑን ወደ ሌላ ከተማ የሚያመላልስ ነው። ይህን ማንም በአፉ አላለም። እኔ ግን መስኮቱ ላይ ተንጠልጥዬም ገብቶኛል።

ማታ ስመኝ ራት አልበላችም። የኔታ ተማሪዎቻቸውን በግራና በቀኝ አቁመው ዜማ ያስጠናሉ። አንዱ ወገን ያነሣል፣ ሌላው ይቀበላል። የኔታ ስለ ኳሱ ነገር ከመጀመሪያውም ደስ አላላቸውም ነበር፤ ሴት ልጅ ቁምጣ ታጥቃ መሮጧን ሲሰሙ ፊታቸውን አጥቁረው ነበር። ያን ማታ ግን ደጃፉ ላይ ኩርምት ብዬ አገኙኝና፣

«ምነው ልጄ? እህትሽ አሟት ነው?» አሉኝ።

«ገመገሟት፣ የኔታ።»

«ምን አጥፍታ?»

«ለነፋስ አቀበልሽ ብለው።»

ነገሩን አስረዳኋቸው፤ እንደ ገባኝ። የኔታ መቋሚያቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው አዳመጡኝ።

«ተቀባይዋ የት ነበረች?»

«ቆማ ነበር።»

«እኔ ሳነሣ ተቀባዩ ቢያንቀላፋ፣ ዜማው ለነፋስ ነው የሚቀረው። ታዲያ አንሺው ነው የሚገሠጽ?» አሉ። ድምፃቸው ከፍ ብሎ ስለነበር ተማሪዎቹ እነሱን የተቆጡ መስሏቸው ተደናግጠው ቀጥ አሉ። የኔታ ሁለት እርምጃ ሄደው ተመለሱና «ቁምጣው ግን ይቅር» አሉኝ።

ስመኝ ከውስጥ ሆና ሰምታ ኖሮ ብቅ አለች። «የኔታ፣ ዘነበች አላንቀላፋችም» አለች። «የነገራት ሰው የለም።»

በማግሥቱ ዘነበችን ፈልጋ አገኘቻት። ልጅቱ ስመኝን ስታይ ማልቀስ ጀመረች። «ብናገር እኔንም የሚያስወጡኝ መሰለኝ» አለች። «ደግሞም እውነቴን ነው፣ ኳሱ የት እንደሚሄድ አላውቀውም ነበር።»

«አሳይሻለሁ» አለቻት ስመኝ።

በዚያ ወር ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስታችንም ወደ መንደር እንወጣ ጀመር። የመኸር ወቅት ነው፤ በሬዎቹ አውድማው ላይ ይዞራሉ፣ የገብስ ገለባ እየበረረ አንገታችን ውስጥ ይገባል። አባታችን ኳሱን ሲያይ «ከምትራገጡ ውቂያውን ብታግዙኝ ምን ነበረበት?» ይላል፤ ግን አይከለክልም። ስመኝ ጨፌው ላይ ዘነበችን ታቆማታለች።

«ኳሱን አትዪ። እኔን እዪ። አንገቴን ዞር ሳደርግ ሩጪ። ኳሱ ገና እግሬ ላይ ሳይደርስ ሩጪ።»

«ኳሱ ሳይመጣ ወዴት ልሩጥ?»

«ወደ ባዶው። እኔ አመጣልሻለሁ።»

እኔ ተከላካይ ሆኜ እቆማለሁ። መጀመሪያ ቀን ኳሱን ሁሉ የምይዘው እኔ ነበርኩ፤ ኩራቴም አይጣል ነበር። ቆይቶ ግን ዘነበች ኳሱ ሳይመጣ ካጠገቤ ብን ማለት ጀመረች። ስዞር ኳሱም እሷም ከኔ በላይ ደርሰዋል። እንዴት እንደሚያልፉኝ ለማየት ዓይኔን ባፈጥም አልያዝኳቸውም። ንዴቴ ለቀቀኝና ገለባው ላይ ተንከባልዬ ሳቅሁ።

ሁለተኛው ጨዋታ ወገዳ ላይ ነበር። የኔታ ባለቤታቸውን ይዘው ለንግሥ ገጠር ስለወጡ ቤት የሚጠብቀኝ ሰው አልነበረም፤ ስመኝ አይሱዙው ላይ አሳፈረችኝ። መንገዱ አንጀት ይበጠብጣል፤ ልጆቹ እየዘፈኑ፣ እኔ የጎኑን ብረት ጨብጬ ደረስን። የሊዲያ አባት ከጋቢናው ወርዶ ሜዳው ዳር ወንበር ቀረበለት።

ሊዲያ ጀመረች። ኳስ ትገፋለች፣ ታልፋለች፣ ትቀማለች። ዘነበች ደግሞ ወደ ባዶው ትሮጣለች፣ ኳስ አይመጣላትም፤ ትመለሳለች። እንደገና ትሮጣለች። አሰልጣኙ «ምን ያስሮጥሻል? ቁሚ!» ብሎ ይጮህባታል። አልቆመችም። ዜሮ ለዜሮ እረፍት ወጡ።

ከእረፍት በኋላ ሊዲያ አንድ ኳስ ተቀማችና እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች። ከዚያ ወደ መስመሩ መጣች።

«ጋሼ፣ ይቀይሩኝ።»

«ተጎዳሽ?»

«አልተጎዳሁም። ዘነበች የምትሮጠው ለሆነ ነገር ነው፤ እኔ አይታየኝም። ስመኝን ያስገቧት።»

አሰልጣኙ ስመኝን አላየም። ያየው ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን የሊዲያን አባት ነው። በዓይኔ አይቻለሁ። ሊዲያ ግን መልስ ሳትጠብቅ ታኬታዋን ፈትታ ለስመኝ ወረወረችላት፤ እግራቸው እኩል ነበር።

ስመኝ ገባች። ለመጀመሪያ ጊዜ ኳስ ሲመጣላት አንገቷን ዞር አደረገች፤ ዘነበች ተፈተለከች። ኳሱ በሁለቱ ተከላካዮች መሀል ሾልኮ ባዶው ሜዳ ላይ ሲደርስ ዘነበችም እዚያው ነበረች። በረኛዋ ሳትነሣ ገባ። ብዙም ሳይቆይ ሌላ ጨመሩ፤ ያው አንገት፣ ያው ሩጫ። የወገዳ ሰው ተሸንፎም አጨበጨበ።

የድምፅ ማጉያ የያዘው ሰውዬ «ዘነበች! ዘነበች!» ይላል። ኳሱን ማን እንደላከላት አልተናገረም። ቆየት ብሎ «በአማካይዋ በሊዲያ የሚመራው ቡድን» አለ። ሊዲያ ባዶ እግሯን መስመሩ ዳር ተቀምጣ ነበር። እኔ ወደ ማጉያው ሮጬ «ሊዲያ አይደለችም! ስመኝ ናት!» ብል አንዱ ክንዴን ይዞ ከሜዳው አወጣኝ።

የኛ ትምህርት ቤትና ኮሌጁ በአንድ አጥር ስለሚገናኙ የኮሌጁ የሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ለኛም ይሰማል። ሰኞ ጠዋት ወደ ደብረ ታቦር ለውድድር የሚሄዱት ስም ተጠራ። እዚያ ተጫዋች የሚመርጥ ሰው ከባሕር ዳር ይመጣል ተብሎ ከተማው ሁሉ ሲያወራ ነበር የሰነበተው። ዘነበች ተጠራች። ሊዲያ ተጠራች። ሁሉም ተጠሩ። የስመኝ ስም የለም። ዘነበች «ስመኝስ?» ስትል ሰማኋት። ማጉያው እንዲህ አለ፦

«በግምገማ የተወሰነ ነው። የግምገማ ውጤት አይሻርም።»

ይኸው ነው። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ሰው ይሳሳታል፣ አሰልጣኝም ይሳሳታል። ወገዳ ላይ ግን ሁሉም በዓይኑ አይቷል። ያዩትን እያወቁ፣ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ የተሣለ ቀስት ይበልጥብናል አሉ። ያኔ መናገሪያ ቃል አልነበረኝም፤ በእግሬ አጥሩን መታሁትና ጣቴ አበጠ።

በመሄጃቸው ዋዜማ፣ ከቀትር በኋላ፣ አሰልጣኙ ወደ ግቢያችን መጣ። ስመኝ ልብስ ታጥባለች።

«ነገ ማለዳ መናኸሪያ ነይ» አላት። «ተጠባባቂ ሆነሽ ትገቢያለሽ። ለማንም እንዳታወሪ።»

«ለምን ለማንም ሳላወራ?»

«ግምገማውን የሻርኩ እንዳይመስል ነዋ።»

ስመኝ እጇን ከአረፋው አወጣች።

«ጋሼ፣ ሲገመግሙኝ በሁሉም ፊት ነበር። ሲፈልጉኝ በጓሮ ነው?»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ቅብብሉ የተበላሸው በስመኝ አልነበረም ይበሉ። በሁሉም ፊት። ከዚያ ተጠባባቂ ልሁን፣ ማሊያም ልጠብ፣ እመጣለሁ።»

«ኩራትሽ ይጎዳሻል» ብሎ ወጣ።

እኔ ጮህኩባት። «ሂጂ እንጂ! እዚያ መራጭ አለ! ለምን እሺ አትይም?» ስመኝ ልብሱን መልሳ ጨመቀችና እንባዋ ወደ ሳፋው ወረደ። ለነፋስ ሲሏት ያላለቀሰች፣ ሲያስወጧት ያላለቀሰች። «እሺ ካልኩ» አለችኝ፣ «እውነት ያበላሸሁት እኔ እሆናለሁ።»

በማግሥቱ ማሊያዋን በነጠላዋ ሥር ለብሳ ጓደኞቿን ልትሸኝ መናኸሪያ ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። ግማሽ ከተማው ወጥቷል። የኔታ ከኪዳን ሲመለሱ መቋሚያቸውን ይዘው ከሰዉ መሀል ቆሙ። አሰልጣኙ ኮሌጁ በተከራየው አውቶቡስ በር ላይ ሆኖ ስም እየጠራ ያስገባል። ሲጨርስ የኔታ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«መምህር፣ የተጠሩት ሁሉ ገቡ?»

«ገብተዋል፣ የኔታ።»

«ያልተጠራችውስ?»

ዘነበች አንገቷን በመስኮት አወጣችና «እኔ ኳስ የሚደርሰኝ ከስመኝ ነው፤ ያለ እሷ ምን ላደርግ ነው የምሄደው?» ብላ ቦርሳዋን ይዛ ወረደች። ከኋላዋ ሊዲያ ወረደች። ሊሸኛት የመጣው አባቷ «ሊዲያ!» አለ፤ አልዞረችም። ሌሎቹም መቀመጫቸው ላይ መነሣት ጀመሩ። ሹፌሩ ጥሩምባውን ደጋግሞ ነፋ፤ ሌላ ተሳፋሪ ይጠብቀዋል።

አሰልጣኙ ግንባሩን ጠረገ። ወደ መሬት እያየ አንድ ነገር አጉተመተመ።

«ከኋላ ያሉት አልሰሙም» አለች ስመኝ።

ቀና አለ። ፊቱ በርበሬ መስሏል።

«ቅብብሉ የተበላሸው በስመኝ አልነበረም!» አለ ጮክ ብሎ። «ሌሎቹን እንዲሮጡ ያላሠለጠንኩ እኔ ነኝ። ግቢ!»

«በተጠባባቂነት?» አለች ዘነበች።

«በቋሚነት! ግቡ አሁን!»

እልልታው ቀለጠ። ስመኝ ቦርሳ እንኳ አልያዘችም፤ በነጠላዋና በላስቲክ ጫማዋ ዘልላ ገባች፣ አውቶቡሱ አቧራውን አልብሶን ሄደ። ደብረ ታቦር ላይ አንዱን አሸንፈው በሌላው ተሸነፉ። መራጩ የወሰደው ዘነበችን ነው፤ ጎል ያገባችው እሷ ናትና። ከባሕር ዳር ድረስ መጥቶ፣ ጎሉ ከየት እንደመጣ ሳያይ ተመለሰ። ዘነበች ይገባት ነበር፤ እኔ የምለው ሌላ ነው።

ያን ዕለት ጠዋት ግን ይህን ገና አላውቅም። ቤት ስደርስ በሩ ተቆልፏል። ቁልፉ በስመኝ ኪስ ሆኖ ወደ ደብረ ታቦር እየሄደ ነው። ደብተሬም ቁርሴም ውስጥ ነው። ደጃፉ ላይ ተቀምጬ እየተንሰቀሰቅሁ ሳለ የኔታ ከኋላዬ ደረሱ።

«ደግሞ ምን ሆንሽ? እህትሽ ሄደችልሽ አይደል? ደስ አላለሽም?»

«ደስ ብሎኛል» አልኳቸው። «ግን ተናድጃለሁ።»

«በማን?»

«በሁሉም።»

የኔታ ትንሽ አዩኝና የቤታቸውን በር ገፋ አደረጉት።

«እንግዲያው ግቢና ቁርስ ብዪ» አሉኝ። «ለዚህን ያህል ንዴት ባዶ ሆድ አይበቃም።»

ገባሁ። እየበላሁም አልበረደልኝም።